የፊደል ማረሚያውን ቋንቋ ስለ መለወጥ

ለንግድ ቤት ጸሐፊዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ማብራሪያ

ነጋዴ በባሕር ማዶ ካለው ደንበኛው ጋር ፊት ለፊት ሳይተያይ ለብዙ ዓመት ሊገበያይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ስለ ጠባዩ፥ ስለ ጥንቃቄውና ስለ ታማኝነቱ የሚመሰክርለት ከእጁ የሚወጣው ጽሑፍ ነው። ደብዳቤው ንጹሕ፥ ሰነዱም የተስተካከለ ሆኖ ሲገኝ ተቀባዩ «ለወረቀቱ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ለዕቃውም ይጠነቀቃል» ብሎ ይገምታል። በፊደል ስሕተት የተሞላ ሆኖ ሲደርሰው ደግሞ ዕቃውን ሳያይ መጠራጠር ይጀምራል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለበጎ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ስሕተትም አንድ ጊዜ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ወራሽ አያጣም።

በጽሕፈት መኪና ዘመን አንድ ፊደል የሳተ ጸሐፊ ወረቀቱን አውጥቶ እንደ ገና መጀመር ነበረበት፤ ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር አስቦ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ግን ደብዳቤ የሚጻፈው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፥ ማረሙን ለመሣሪያው ትተንለታል። መሣሪያውም የተጠራጠረውን ቃል ከሥሩ ቀይ የተጠማዘዘ መስመር እያሰመረ ያመለክተናል። ይህ ትልቅ ርዳታ ነው። ነገር ግን ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ። አንዱ «ያለ ስሕተት የጻፍኩትን ፈረንሳይኛ ሁሉ ቀይ አደረገው» ይላል፤ ሌላው «ትክክል መሆኑን የማውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ተሳስተሃል ይለኛል» ይላል፤ ሦስተኛውም ነገሩ ስለ ሰለቸው ማረሚያውን ጨርሶ ዘግቶታል። የዚህ ሁሉ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ማረሚያው ጽሑፉን የሚመረምረው በሌላ ቋንቋ መዝገብ መሆኑ ነው። ቋንቋውን መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፥ ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ግን ከዚያ ብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ነገሩን ከዚህ በታች በተራ እንገልጻለን።

ማረሚያው በምን ይፈርዳል?

የፊደል ማረሚያ ማለት በመሠረቱ የቃላት መዝገብ ነው። ጸሐፊው አንድ ቃል ጽፎ ሲጨርስ ማረሚያው ያንን ቃል በመዝገቡ ካሉት ጋር ያስተያየዋል፤ ካገኘው ዝም ይላል፥ ካጣው ቀይ መስመር ያሰምርበታል። ከዚያም በአጻጻፍ የሚቀርቡትን ቃላት ከመዝገቡ መርጦ «ምናልባት ይህን ለማለት ይሆን?» እንደ ማለት ያቀርባል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች የዐረፍተ ነገሩን አገባብ ጭምር ይመለከታሉ፤ ቢሆንም የነጋዴውን ሐሳብ፥ የዕቃውን ዐይነትና የውሉን ቃል አያውቁም።

እንግዲህ መዝገቡ ለየቋንቋው የተለየ ስለ ሆነ፥ ማረሚያው አስቀድሞ «ይህ ጽሑፍ የየትኛው ቋንቋ ነው?» የሚለውን ማወቅ ይኖርበታል። ብዙ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የቋንቋው ምልክት በመላው ሰነድ ላይ አንድ ጊዜ የሚመታ ማኅተም ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን ምልክቱ የሚለጠፈው በጽሑፉ ላይ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ አንዱ አንቀጽ የእንግሊዝኛ፥ ሌላው የፈረንሳይኛ፥ አንዲት ቃል ብቻ ደግሞ የጣሊያንኛ ምልክት ሊኖራቸው ይችላል። ዐይን ግን ይህን አያይም፤ ፊደሉ ሁሉ አንድ ዐይነት ይመስላል።

ምልክቱ ከጽሑፉ ጋር የሚጣበቅባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፕሮግራሙ ሲገጠም የተመረጠለት መደበኛ ቋንቋ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ኪይቦርዱ ነው፤ ጸሐፊው ኪይቦርዱን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲያዛውር ማይክሮሶፍት ወርድ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን በአዲሱ ቋንቋ ስም ሊመዘግበው ይችላል። ሦስተኛውና ዋነኛው የችግር ምንጭ ግን ከሌላ ደብዳቤ ገልብጦ መለጠፍ ነው። የተገለበጠው ጽሑፍ የቀድሞ ምልክቱን ይዞ ይመጣል። ከዚህም የከፋው በአሮጌ ደብዳቤ ላይ አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ቃላቱ ተሰርዘው በሌላ ቢተኩም የቀድሞው ቋንቋ ምልክት እዚያው ሊቀር ይችላል።

በራሴ ላይ የደረሰው

ይህን ሁሉ የተማርኩት በትምህርት ቤት አይደለም፤ በስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ የሁመራ ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር ልከው ነበር፤ ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ሥራው ስለ ተደራረበብኝ ቀደም ሲል ጅቡቲ ላለው የዕቃ አስተላላፊ በፈረንሳይኛ የጻፍኩትን ደብዳቤ ከፍቼ፥ አርማውንና አድራሻውን አስቀርቼ፥ በውስጡ የእንግሊዝኛውን ኢንቮይስ ጻፍኩ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ። ምክንያቱን ፈልጌ ባገኘሁ ጊዜ ቋንቋውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለወጥኩት፤ ቀዩም ሁሉ እንደ ጠዋት ጉም በነነ። ስድስት ወይም ሰባት ቃላት ብቻ ቀሩ።

ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ስለ ነበር በደስታና በችኰላ የቀሩትን እያየሁ መሣሪያው ያቀረበልኝን የመጀመሪያ ቃል ተቀበልኩ፤ «ቼንጅ ኦል» የሚለውን፥ ማለት «ሁሉንም ለውጥ» የሚለውንም ተጫንኩ። ከቀሩት ቃላት አንዱ «ሁመራ» ነበር። እንግሊዝኛው መዝገብ ሁመራን አያውቅም፤ በምትኩ የክንድ አጥንት ስም የሆነውን ቃል አቀረበ። የሚገርመው ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ስም ተመዝግቦ ሳለ «ሁመራ» ከሥሩ ቀይ አልነበረበትም፤ ምክንያቱም በፈረንሳይኛ በዚያው አጻጻፍ «ያሸታል» ወይም «ይምጋል» የሚል የወደፊት ግሥ ስላለ ነው። እንግዲህ በአንዱ ቋንቋ ያለ ምክንያት አለፈ፥ በሌላው ቋንቋ ያለ ጥፋቱ ተቀጣ፤ በሁለቱም የከተማችንን ስም የሚያውቅለት አልነበረም።

ሰነዱ ወደ ባንክ ገባ፤ ባንኩም የዕቃው መግለጫ ከኤል ሲው ጋር አይገጥምም ብሎ መለሰው። አሠሪዬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡና ሳይቈጡ «ሰሊጥ ልከን አጥንት ብለን ጻፍን» አሉኝ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ እድል ሆኖ ሰነድ የማቅረቢያው ጊዜ ገና አላለፈም ነበርና አስተካክለን እንደ ገና አቀረብን፤ ነገር ግን ገንዘቡ ዘገየ፥ ለገበሬው የሚከፈለውም ሒሳብ አብሮ ዘገየ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

ባንኮች የፊደልን ስሕተት እንዴት ይመለከቱታል?

ከዚያ ወዲህ ደንቡን ጠንቅቄ ለማወቅ ተገደድኩ። ኤል ሲ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ ዩ ሲ ፒ 600 ይባላል፤ ያወጣውም ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ይሠራበታል። በዚህ ደንብ በአንቀጽ 18 መሠረት በኢንቮይስ ላይ ያለው የዕቃው መግለጫ በኤል ሲው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። በአንቀጽ 14 ደግሞ ባንኩ የቀረበለትን ሰነድ መርምሮ ለመወሰን ከቀረበበት ማግስት አንሥቶ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን ይፈቀድለታል፤ ላኪውም ኤል ሲው ጊዜው ሳያልፍበት፥ የጭነት ሰነዱን ዕቃው ከተጫነበት ቀን በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ ማቅረብ ይገባዋል። እንግዲህ አንድ ስሕተት ተገኝቶ ሰነዱ ቢመለስ፥ ለማረሚያ የሚቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታዲያ እያንዳንዱ የፊደል ግድፈት ሰነድ ያስመልሳልን? አያስመልስም። ይኸው ምክር ቤት በ2013 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው አይ ኤስ ቢ ፒ 745 የሚባለው የሰነድ መመርመሪያ መመሪያ፥ የቃሉን ወይም የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም የማይለውጥ የፊደል ስሕተት እንደ ልዩነት አይቈጠርም ይላል። በምሳሌነትም «ማሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዱ ፊደል ተሳስቶ ቢጻፍ፥ ወይም «ሞዴል» በሚለው ቃል ሁለት ፊደላት ቢዘዋወሩ ሰነዱ አይነቀፍም። ነገር ግን «ሞዴል 321» መባል ሲገባው «ሞዴል 123» ተብሎ ቢጻፍ ልዩነት ነው።

ከዚህ ለእኛ ለጸሐፊዎች የሚወጣው ትምህርት እንግዳ ቢመስልም እውነት ነው፤ ተራ የጣት ስሕተት ከመሣሪያው እርማት ያነሰ አደጋ ያመጣል። ጣት የሳተው ቃል ተሰብሮም ቢሆን ምን ለማለት እንደ ተፈለገ ይታወቃል። ማረሚያው የለወጠው ቃል ግን ምንጊዜም ሙሉ፥ ንጹሕና ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ነው፤ ስለዚህ ቢሳሳት የሚሳሳተው በትርጉም ነው። ማረሚያውን በትክክለኛው ቋንቋ ማስቀመጥ ያስፈለገበትም ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ቋንቋውን የመለወጫው መንገድ

በማይክሮሶፍት ወርድ የሚከተለውን ተራ መጠበቅ ይበቃል።

1ኛ. ቋንቋው የሚለወጥለትን ጽሑፍ በማውስ መምረጥ፤ ሰነዱ በሙሉ የሚለወጥ ከሆነ «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ይዞ «ኤ» የሚለውን መጫን።

2ኛ. ከላይ ባለው ዝርዝር «ሪቪው» የሚለውን፥ ቀጥሎ «ላንጉዌጅ» የሚለውን፥ ከዚያም «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ» የሚለውን መክፈት። በመስኮቱ ግርጌ ባለው ጠባብ መስመር ላይ የቋንቋው ስም ተጽፎ ከሆነ እርሱን መጫንም ወደዚያው ያደርሳል።

3ኛ. ከሚቀርበው ዝርዝር የተፈለገውን ቋንቋ መምረጥና ማጽደቅ። በአንዳንዶቹ የቋንቋ ስሞች አጠገብ የ«ኤ ቢ ሲ» ፊደላትና የእርማት ምልክት ይታያል፤ ይህ ምልክት ያለው ቋንቋ መዝገቡ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ ስሙ ቢመረጥም የሚመረምርበት መዝገብ የለም፤ ስለዚህ ቀይ መስመር አለመታየቱ የትክክለኛነት ማስረጃ አይሆንም። የጐደለውን ለማስገባት በ«ፋይል»፥ በ«ኦፕሽንስ»፥ በ«ላንጉዌጅ» በኩል ቋንቋውን መጨመር ያስፈልጋል።

4ኛ. በዚያው መስኮት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ ሁለቱንም ማየት ይገባል። አንዱ «ዱ ኖት ቼክ ስፔሊንግ ኦር ግራመር» የሚል ሲሆን ትርጉሙ «አትመርምር» ማለት ነው። በዚህ ሣጥን ውስጥ ምልክት ካለ መሣሪያው ጽሑፉን ሳያየው ያልፋል፤ ገጹም ንጹሕ ይመስላል። ከቀይ ገጽ ይልቅ ይህ ንጹሕ ገጽ ሊያስፈራን ይገባል። ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ ቋንቋውን እንዲለይ የሚያዝዝ ነው። በረዥም ደብዳቤ ላይ ይረዳል፤ በኢንቮይስ ላይ ግን መስመሮቹ አጫጭርና በስም የተሞሉ ስለ ሆኑ በቀላሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ኢንቮይስ የሚጽፍ ሰው ይህን ሣጥን ባዶ አድርጎ ቋንቋውን ራሱ ቢመርጥ ይሻላል።

5ኛ. ምርጫው ለዛሬው ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ለሚከፈተው አዲስ ሰነድ ሁሉ እንዲሆን ከተፈለገ «ሴት አዝ ዲፎልት» የሚለውን መጫን። ይህ ግን ከዚህ በፊት የተጻፉትን ሰነዶች አይለውጣቸውም።

በሊብሬ ኦፊስ የሚሠሩ «ቱልስ» ከሚለው ውስጥ «ላንጉዌጅ» የሚለውን ሲከፍቱ፥ ለተመረጠው ጽሑፍ፥ ለአንቀጹ ወይም ለመላው ጽሑፍ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ያገኛሉ። በጉግል ዶክስ የሚጽፉ ደግሞ በ«ፋይል» ውስጥ «ላንጉዌጅ» የሚለውን ይክፈቱ። በስልክ ደብዳቤ የሚልክ ነጋዴም ቢሆን፥ ስልኩ የሚያርመው በተመረጠው ኪይቦርድ ቋንቋ መሆኑን ያስታውስ።

የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍ

እንግሊዝኛ አንድ ቋንቋ ቢሆንም በማረሚያው ዘንድ አንድ መዝገብ አይደለም። ላኪው ወይም አስመጪው ደብዳቤ የሚጻጻፈው ከየትኛው አገር ጋር እንደ ሆነ አይቶ መምረጥ ይገባዋል። ጥቂት ምሳሌ እንስጥ። «ከለር» የሚለው ቃል በእንግሊዝ አጻጻፍ «ዩ» የሚባለው ፊደል ይገባበታል፤ በአሜሪካ አይገባበትም። የባንክ «ቼክ» በእንግሊዝ በ«ኪው»፥ «ዩ»፥ «ኢ» ሲጨርስ በአሜሪካ በ«ሲ»ና በ«ኬ» ይጨርሳል። የብረት ዐይነት የሆነው አሉሚኒየም በእንግሊዝ አጻጻፍ ከመጨረሻው «ዩ» በፊት «አይ» የሚባል አንድ ፊደል ይበልጣል። የመኪና ጎማ እንግሊዞች በ«ዋይ» ሲጽፉት አሜሪካኖች በ«አይ» ይጽፉታል፤ በ«አይ» የተጻፈው ቃል ግን በእንግሊዝም «መድከም» የሚል ትርጉም ስላለው፥ የእንግሊዙ ማረሚያ ያለ ምልክት ያሳልፈዋል።

በዚህ ረገድ የሚጠበቀው ሥርዐት እንዲህ ነው። በራሳችን ደብዳቤ አንዱን መርጠን በእርሱ መጽናት ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ማቀላቀል የቸልተኝነት ምልክት ነው። በኤል ሲ ሰነድ ላይ ግን ምርጫው የእኛ አይደለም፤ የዕቃው ስም በኤል ሲው ላይ በእንግሊዝ አጻጻፍ ከተጻፈ በዚያው፥ በአሜሪካ ከተጻፈም በዚያው መጻፍ ይገባል። ኤል ሲው ራሱ ስሕተት ቢኖርበት፥ ስሕተቱ ትርጉም የሚለውጥ ከሆነ ገዢው እንዲያሻሽለው መጠየቅ እንጂ በገዛ እጅ ማቃናት አደጋ አለበት።

ከፊደሉ ጋር ቀንም ሊጠቀስ ይገባዋል። 05/08 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአሜሪካዊው ሜይ 8፥ ለእንግሊዛዊው ኦገስት 5 ነው። ወርድ ቀኑን ራሱ ሲያስገባም የሚያቀርበው አጻጻፍ እንደ ተመረጠው ቋንቋ ይለያያል። ስለዚህ በማናቸውም የንግድ ሰነድ ላይ የወሩን ስም በቃል መጻፍ የተሻለ ነው።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ

አማርኛን በተመለከተ ሁለት ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል የሚሥሉት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ለሰው ዐይን አማርኛ ቢሆንም ለመሣሪያው ግን የተዘበራረቀ እንግሊዝኛ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የቈየ ደብዳቤ ሲከፈት ገጹ ሁሉ በቀይ የሚሞላው ለዚህ ነው። አደጋውም ከቀዩ መስመር ያልፋል፤ በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ያለውን ትንሽ ፊደል ወደ ትልቅ የሚለውጠው የመሣሪያው ልማድ፥ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ አንዱን የአማርኛ ፊደል ወደ ሌላ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አሮጌ ጽሑፍ መርጦ «አትመርምር» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ፥ «አውቶ ኮሬክት» የሚባለውንም መዝጋት ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዩኒኮድ እንደ ገና መጻፍ ነው።

ሁለተኛው የአጻጻፉ ጉዳይ ነው። በዩኒኮድ ተጽፎና የአማርኛ ምልክት ተደርጎበት እንኳ፥ አማርኛን በመዝገብ ማረም ከባድ ነው። ቋንቋችን በአንድ ቃል ላይ ከፊትም ከኋላም ብዙ ስለሚጨምር፥ «ከነጋዴዎቻችንም» የሚለው አንድ ቃል በሌላ ቋንቋ አራት አምስት ቃል ይሆናል፤ የዚህን ሁሉ መልክ በመዝገብ ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። በዚህ ላይ ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሰ፥ ሠ፤ አ፥ ዐ፤ ጸ፥ ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ የተለያዩ ናቸው። ለጆሮ «ዓለሙ»ና «አለሙ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። አንዱን ቢፈልጉት ሌላውን አያወጣም። አራት ነጥብም ቢሆን እንደ አንድ ምልክት ቢጻፍና ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ተደርጎ ቢጻፍ ለዐይን አንድ ሲሆን ለመሣሪያው የተለያየ ነው።

ለነጋዴ ይህ የሊቃውንት ክርክር አይደለም። ስሙ በንግድ ፈቃዱ ላይ በአንድ ፊደል፥ በባንክ ሒሳቡ በሌላ ፊደል፥ በውሉ ላይ ደግሞ በሦስተኛ ፊደል ቢጻፍ፥ አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ሊመላለስ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ንግድ ቤት የባለቤቱን፥ የድርጅቱንና የዋና ዋና ደንበኞቹን ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው አድርጎ በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ቢያኖር ከማናቸውም ማረሚያ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የቦታና የንግድ ስሞች

ማረሚያው ከሁሉ የበለጠ የሚሳሳተው በስም ነው። የቡናችን የንግድ ስሞች በካርታ ላይ ካለው የከተማው ስም ጋር እንኳ ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ የነቀምት ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ ይታወቃል፥ የጅማ ቡናም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በፊቱ «ዲ» የሚባል ፊደል ሲጨመርበት ኖሯል። ይህን የሚያውቅ የባዕድ መዝገብ የለም ብሎ መነሣት ይሻላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ስም ቀይ ሆኖ ሲታይ አጻጻፉን ከንግድ ፈቃድ ወይም ከኤል ሲው ጋር ካስተያዩ በኋላ፥ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «አድ ቱ ዲክሽነሪ» የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ስሙን በራስ መዝገብ ውስጥ ይይዘዋል፤ ስሙ ተሳስቶ በተጻፈም ጊዜ ያመለክታል። ለአንድ ሰነድ ብቻ ከሆነ «ኢግኖር ኦል» ይበቃል። ነገር ግን የተሳሳተ ስም በራስ መዝገብ ከገባ ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠረው ስለማይኖር፥ ከማስገባት በፊት ሁለት ጊዜ ማየት ያሻል። «ቼንጅ ኦል» የሚለውን ቁልፍ ግን በኢንቮይስ ላይ ፈጽሞ እንዳትነኩት እመክራለሁ።

ማረሚያው የማያያቸው

ቋንቋው ትክክል ሆኖ ሳለ እንኳ ማረሚያው የማይመለከታቸው ነገሮች አሉ። በወርድ ውስጥ በትልልቅ ፊደል ብቻ የተጻፉ ቃላትና ቍጥር ያለባቸው ቃላት እንዲታለፉ አስቀድሞ ታዝዟል። ኤል ሲ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን በትልልቅ ፊደል ስለ ሆነ፥ ከእርሱ ገልብጠን የምንጽፈው የዕቃ መግለጫ ጨርሶ ሳይመረመር ይቀራል ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት በ«ፋይል»፥ በ«ኦፕሽንስ»፥ በ«ፕሩፊንግ» ውስጥ ትልልቅ ፊደልን እለፍ የሚለውን ምልክት ማንሣት ይገባል።

ቍጥርም ቢሆን መዝገብ የለውም፤ 1,500 ከረጢት 15,000 ተብሎ ቢጻፍ ማረሚያው ዝም ይላል። መለኪያም እንዲሁ ነው። «ቶን» የሚለው ቃል በፊደል ትክክል ቢሆንም፥ ሜትሪክ ቶን 1,000 ኪሎ፥ የአሜሪካው አጭር ቶን 907 ኪሎ ያህል፥ የእንግሊዙ ረዥም ቶን 1,016 ኪሎ ያህል ነው። በ100 ቶን ላይ ልዩነቱ ስንት ኩንታል እንደሚሆን ነጋዴ ሁሉ በጣቱ ሊቈጥረው ይችላል። ስለዚህ «ሜትሪክ ቶን» ብሎ መጻፍ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

በመጨረሻም

ከላይ የተባለውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። በየቋንቋው የተለየ የደብዳቤ ቅጽ አዘጋጁ፤ የእንግሊዝኛው ለብቻው፥ የፈረንሳይኛው ለብቻው፥ የአማርኛውም ለብቻው ይሁን፤ እያንዳንዱም የራሱ ቋንቋ ምልክት አስቀድሞ ይደረግለት። በአሮጌ ደብዳቤ ላይ አዲስ አትጻፉ። ገጹ ሁሉ ቀይ ሲሆን ከቃላቱ በፊት ቋንቋውን ተመልከቱ፤ ገጹ ሁሉ ንጹሕ ሲሆንም «አትመርምር» የሚለው ሣጥን ተነክቶ እንዳይሆን ተመልከቱ። ስምን፥ ቍጥርንና መለኪያን ለመሣሪያ አትተዉ። ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት ያልጻፈው ሌላ ሰው ኤል ሲውን በአንድ እጁ፥ ኢንቮይሱን በሌላ እጁ ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው።

የንግድ ቤቶች ባለቤቶችም አንድ ነገር እንዲያስቡልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጸሐፊ በቀኑ መጨረሻ ላይ እየተጣደፈ ያዘጋጀው ሰነድ ውሎ አድሮ የሚያስከፍለው ለባለቤቱ ነው። ለሚጽፈው ሰው ግማሽ ሰዓት የማንበቢያ ጊዜ መስጠት ከወጪ የሚቈጠር አይደለም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ «ሁመራ» የሚለውን ስም በመዝገቤ አስገብቼዋለሁ፤ ቢሆንም ሰሊጥ በተላከ ቍጥር ያን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበዋለሁ።